ሰባት ቤት፣ ሳል እና ዘረመል

በጤና ጣቢያ ላብራቶሪ መስኮት ላይ ቆመው የአክታ ውጤት ከሚጠብቁ ሰዎች መካከል ስለ መድኃኒቱ የሚጠይቁኝ ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት «ለምን እሱን?» የሚለውን ነው። አንዲት እናት ባለቤታቸው ቲቢ እንዳለበት ታውቆ እሳቸውም ተመረመሩና ነጻ መሆናቸውን ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ የምንተኛውም አንድ አልጋ ላይ። እሱ እንዲህ ሲያልቅ እኔን ምን ጠበቀኝ?» አሉኝ። «እግዜር ነዋ፣ እማማ» ብዬ መለስኩላቸው። ከኋላቸው ሰልፍ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ለሰልፍ የማይመቸው መልስ ነው። አስቀድሜ ልናገር፦ እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም፣ የዘረመል ተመራማሪም አይደለሁም። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ ወደ እኛ መመለሱን ለአንባቢ ትቻለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ የቲቢ ባክቴሪያ ገብቶበታል። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀረው ሰው ባክቴሪያውን አስሮ ይኖራል፤ አብዛኛው መያዙንም ሳያውቅ አርጅቶ በሌላ ምክንያት ይሞታል። ታዲያ ያቺ ትንሽ የምትመስለው መቶኛ በዓለም ላይ ስትበተን ትንሽ አይደለችም፤ በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ሰው ታሟል፣ 1.25 ሚሊዮን ሞቷል። ሮበርት ኮኽ በ1882 ባክቴሪያውን ለዓለም ካሳየ ወዲህ የበሽታው ምክንያት ይታወቃል። ምክንያቱ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ የማይታመሙት ለምን እንደሚበዙ ግን ከኮኽ በኋላ ብዙ ዘመን የወሰደ ጥያቄ ነው።

ሉቤክ የምትባል የሰሜን ጀርመን ከተማ ይህን ጥያቄ ማንም ሊፈትነው በማይገባ መንገድ ፈትናዋለች። ከ1929 መጨረሻ እስከ 1930 ጸደይ ድረስ እዚያ ለሚወለዱ ሕፃናት ቢሲጂ ይሰጥ ነበር። ያኔ ክትባቱ በመርፌ አይሰጥም፤ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሦስት ጊዜ በአፍ የሚጠጣ ፈሳሽ ነበር። የክትባቱ ባክቴሪያ የመጣው ከፓሪስ ነው፤ የተራባው ግን እዚያው ሉቤክ ውስጥ፣ በሽታ የሚያመጣ ሕያው የቲቢ ባክቴሪያም በሚቀመጥበት ላብራቶሪ ነው። ሁለቱ ተቀላቀሉ። 251 ሕፃናት ጠጡት፤ 72ቱ ሞቱ። ሁለት ሐኪሞች በ1932 ተፈረደባቸው።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ባክቴሪያው ወደሚራባበት የላብራቶሪ ሣጥን ነው። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ቱቦዎች፣ ምናልባት ምልክቱ የደበዘዘ ወረቀት፣ የደከመው ሠራተኛ። የሙያ ፍርሃት ነው። ቀጥሎ የሚይዘኝ ደግሞ በሕይወት የቀሩት ልጆች ናቸው። ከ170 በላይ የሚሆኑት ታመው ዳኑ፤ ጥቂቶቹ ላይ ምንም ምልክት አልታየም። የመጀመሪያው ውጤታማ የቲቢ መድኃኒት፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ የተገኘው ገና በ1943 ነውና ያዳናቸው መድኃኒት አልነበረም። የገዛ ሰውነታቸው ነው የተዋጋላቸው። እርግጥ የጠጡት መጠን እኩል አይደለም፤ አንዱ ጠርሙስ ከሌላው ይልቅ ተበክሎ ነበር፣ ብዙ ከደረሳቸው ሕፃናት መካከልም ብዙ ሞቷል። ይሁን እንጂ ተቀራራቢ መጠን ከጠጡት ውስጥም አንዱ ሲቀበር ሌላው ዳዴ ብሎ አድጓል።

በ1943 ኒውዮርክ ላይ ካልማንና ራይስነር መንታዎችን ይዘው መጡ። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንታዎች አንደኛው ቲቢ ሲይዘው ሌላውም የመያዝ ዕድሉ፣ ከሁለት እንቁላል ከተገኙት እጅግ በልጦ ተገኘ። ተቃውሞውም ወዲያው ገባኝ፤ መልካቸው አንድ የሆነ መንታዎች እኮ አብረው ይተኛሉ፣ አብረው ይውላሉ፣ አንዱ የሌላውን ሳል ይተነፍሳል። ኮምስቶክ የተባለ አሜሪካዊ በ1978 የእንግሊዝን የመንታዎች መረጃ እንደገና አገላብጦ እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ ሲያጣራ ልዩነቱ ቀነሰ፤ ቢሆንም የአንድ እንቁላል መንታዎቹ ዕድል ከሌሎቹ እጥፍ በላይ ሆኖ ቀረ። ከሰውየው ጋር የተወለደ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከቤታችን ጋር የሚጋጨው።

የአጎቴን ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች የመጡ ጊዜ ዘመድ አዝማድ ሁለት ነገር ማጣራት ነበረበት። የመጀመሪያው ሥጋ ዝምድና ነው። አንድ የቤተሰባችን አዛውንት ቁጭ ብለው ከልጁ አባት ጀምረው ወደ ላይ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ ከእኛም በኩል ቆጠሩ፤ የትም አልተገናኘም። ይህ በአደባባይ፣ ጠላ እየተጠጣ የሚሠራ ሥራ ነው። ሁለተኛው በሹክሹክታ ነው የመጣው። አክስቴ ወደ ጓዳ ጠርታኝ «በእነዚያ ቤት ሳል አለ ይባላል። አያትየውም በዚያው ነው የሞቱት አሉ። አንተ እዚያው አይደል እንዴ የምትሠራው? መዝገቡን እይልን» አለችኝ። ሙያዬ አይፈቅድልኝም ስላት «ለሥጋህ?» ብላ ተቆጣች። ጋብቻው በኋላ ሆኗል፤ ልጆችም ወልደዋል። እሱ አይደለም ነገሬ።

ነገሬ ሁለቱ ጥያቄዎች ናቸው። አባቶቻችን ሳል ያለበትን ቤት ሲሸሹ በሽታው ከዘር ይወርዳል ብለው ነበር። አሁን ሳይንሱ ራሱ «ዘረመልም ድርሻ አለው» ካለ አክስቴ ትክክል ናት ማለት ነው? የሚገርመው፣ ከሁለቱ ጥያቄዎች ከቲቢ ዘረመል ጋር እውነተኛ ግንኙነት ያለው በአደባባይ የተጠየቀው ነው። በጓዳ የተጠየቀው የሚቆጥረው ማን ከማን ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እንደ ኖረ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ወደ ማልታ መሄድ አለብኝ። ከማልታ ደሴት፣ ከአንድ መንደር የመጡ አራት ልጆች፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ለንደን ውስጥ ይታከሙ ነበር። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የዕጢ ማበጥ፣ የጉበትና የጣፊያ ማበጥ። የያዛቸው የቲቢ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ ቢሆንም ቲቢ አይደለም፤ አፈርና ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ እኔም አንተም በየቀኑ የምንውጠው፣ ሰው የማይታመምበት ዓይነት ነው። መድኃኒት ቢደራረብላቸውም ሊጠፋላቸው አልቻለም። በዚያው ሰሞን ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ወላጆቹ ዘመዳሞች የሆኑ የቱኒዚያ ሕፃን ቢሲጂ ተከትቦ፣ ማንንም የማይጎዳው የክትባቱ ባክቴሪያ መላ ሰውነቱን ወርሮ ገደለው። በ1996 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ሜላኒ ኒውፖርትና ማይክል ሌቪን ያሉበት የለንደኑ፣ ሌላው የዣን ሎራን ካዛኖቫ የፓሪሱ፣ በአንድ መጽሔት ላይ አንድ ዓይነት መልስ ይዘው ወጡ፦ ልጆቹ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን የሰውነት መከላከያ መልእክት የሚቀበለው ዘረመል ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ደርሷቸዋል።

ይህ ምን ማለት ነው? ባክቴሪያው ሳንባ ሲገባ ማክሮፌጅ የሚባል የመከላከያ ሕዋስ ይውጠዋል። መዋጥ ግን መግደል አይደለም፤ የቲቢ ባክቴሪያ በዋጠው ሕዋስ ውስጥ መኖር ይችልበታል። ስለዚህ ማክሮፌጁ ሌሊት ቤቱ ውስጥ ሌባ እንደያዘ ሰው ኡኡ ይላል። ኡኡታው ኢንተርሉኪን 12 ይባላል። ጎረቤቱ፣ ቲ-ሴል የሚባለው ሌላ የመከላከያ ሕዋስ፣ ይህን ሰምቶ በኢንተርፌሮን ጋማ «አለሁ» ይለዋል፤ ማክሮፌጁም «አለሁ» መባሉን ሲሰማ ነው ክንዱ በርትቶ የያዘውን የሚጨርሰው። በማልታ ልጆች ውስጥ ኡኡታው ተሰምቷል፣ ጎረቤቱም መልሷል፤ መልሱን የሚሰማው ጆሮ ነው ያልተሠራው። በ1998 ደግሞ የተገላቢጦሹ ተገኘ፤ ኡኡታውን የሚሰማው የጎረቤቱ ጆሮ የጠፋባቸው ሰዎች። በእነዚህ ውስጥ ኢንተርፌሮን ጋማ በመርፌ ቢሰጥ ይጠቅማል፤ በመጀመሪያዎቹ ግን መርፌው ከንቱ ነው፣ ያላቸው ተስፋ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። በወረቀት ላይ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሕፃናት ሕክምናቸው እንዲህ ይለያያል።

ከዚያ ወዲህ በዚያው የኡኡታ መንገድ ላይ የተበላሹ ሌሎች ዘረመሎች ተራ በተራ ተገኝተዋል። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ የ2024ቱ ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ቲኤንኤፍ የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያግድ መድኃኒት መስጠት ሲጀመር፣ በ2001 ከእነዚህ ታካሚዎች አንዳንዶቹ ላይ የተኛው ቲቢ እንደሚነሣ ታወቀ። አሁን ማንኛውም ጠንቃቃ ሐኪም ያንን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ቲቢ ይመረምራል። በ2024 ታዲያ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ሲወለዱ ጀምሮ ቲኤንኤፍ የማይሠራላቸው ሁለት ዘመዳሞች እንዳሉ ተጻፈ። ሁለቱም ጎልማሶች ናቸው፤ በሌላው ነገር ደህና ናቸው፤ የሳንባ ቲቢ ግን እየተመላለሰ ያጠቃቸው ነበር። መድኃኒቱ በሰው እጅ ያደረገውን ነገር ተፈጥሮ ቀድማ አድርጋው ቆይታለች።

ለወላጆች አንድ ነገር በቅንፍ ላስገባ። (እነዚህ ችግሮች እጅግ ብርቅ ናቸው። ልጃችሁ ሲወለድ ቢሲጂ መከተቡን በዚህ ምክንያት እንዳትፈሩ። ክንዱ ላይ የምትወጣው ቁስልና ጠባሳ የተለመደች ናት። ክትባቱን ተከትሎ ትኩሳትና የክብደት መቀነስ ከበረታ፣ በተለይ በቤቱ ውስጥ እንዲህ ሆኖ የሞተ ሕፃን ካለ፣ ያንን ለሐኪሙ መናገር ነው።)

ወደ ሰባት ቤት ልመለስ። እነዚህ ዘረመሎች አብዛኞቹ የሚጎዱት ከሁለቱም ወላጅ ተበላሽተው ሲመጡ ነው። አንዱ ብቻ የተበላሸበት ሰው ጤነኛ ነው፤ ሳያውቀው ለልጁ ያስተላልፋል። የአጎትና የአክስት ልጆች ከዘረመላቸው አንድ ስምንተኛውን ስለሚጋሩ፣ ከተጋቡ አንድ ብርቅ ስህተት ከሁለቱም በኩል ሄዶ አንድ ልጅ ላይ የመገናኘት ዕድሉ ከፍ ይላል። ሰባት ቤት የቆጠረ ሰው ያንን ከዝምድና የሚመጣ ዕድል ከሞላ ጎደል አጥፍቶታል። አያቶቻችን ዘረመል ያውቁ ነበር እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ባየሁ ቁጥር ያሳክከኛል። ቤተ ክርስቲያኑና ባህሉ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። በአፋር አብሱማ የሚባል የዘመዳሞች ጋብቻ አለ፤ በብዙ አገርም የዘመድ ጋብቻ የተከበረ ነው፤ ከዚያ የሚወለዱት ልጆች አብዛኞቹም ጤነኞች ናቸው። የምለው ይህን ያህል ብቻ ነው፦ ቤተሰቡ ራሱ አንድም ጊዜ ስሎ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ስህተቱ ግን ውስጡ ተኝቷል። በሳል የታወቀው ቤት ደግሞ ዘረመሉ ንጹሕ ሆኖ፣ ጥፋቱ መስኮት የሌላት አንዲት ክፍልና አያትየው ሳይታከሙ የቆዩበት ክረምት ሊሆን ይችላል። አክስቴ በመዝገቡ ውስጥ የምታገኘው ይህን የኋለኛውን ነው።

ብርቅዬውን ትተን ተራውን ሰው ብንጠይቅስ? እዚህ መንገዱ ይጠብባል፣ እኔም ፈጠን ብዬ ላልፈው ነው። አንድ ጥርት ያለ ምሳሌ አለ፦ ቲክ2 የሚባለው ዘረመል አንድ ዓይነት ልውጥ። በ2018 እንደታየው ይህን ልውጥ ከሁለቱም ወላጅ የወረሰ ሰው ኢንተርፌሮን ጋማ በበቂ አያመርትም፤ ለቲቢም ይጋለጣል። በአውሮፓውያን ዘንድ ከ600 ሰው አንዱ እንዲህ ነው፤ ብርቅ ሊባል አይችልም። በ2021 ደግሞ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ከሚሆኑ የጥንት አውሮፓውያን አጥንት በተገኘ ዲኤንኤ ውስጥ ልውጡን ተከታተሉት። ከ30,000 ዓመት ገደማ በፊት ተነሥቶ፣ ቆይቶ ተስፋፍቶ፣ ባለፉት 2,000 ዓመታት ውስጥ በፍጥነት ቀነሰ። ከሁለቱም ወላጅ ከወረሱት ብዙዎቹ ሳይወልዱ እየሞቱ ቀነሱ ማለት ነው፤ የቀበራቸውም ሳል ሳይሆን አይቀርም። ይህ ግን የምዕራብ ዩራስያ ሰዎች ታሪክ ነው፤ ወስደን መርካቶ ላይ ልንለጥፈው አይገባም።

ሌላው ፍለጋ ሰፊ መረብ መጣል ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማንና ጤነኞችን ሙሉ ዲኤንኤ ጎን ለጎን ማስተያየት። ጋናና ጋምቢያ በ2010፣ ሩስያ በ2015፣ አይስላንድ በ2016 የየራሳቸውን ነጥብ አገኙ። አንዱ አገር ያገኘው ሌላው አገር ላይ ብዙ ጊዜ አልተደገመም። ከ14,000 በላይ ሕሙማን የተካተቱበት የ2024 ጥምር ትንተና አጥብቆ የያዘው ኤችኤልኤ በሚባለው የመከላከያ ዘረመሎች ሰፈር ያለች አንዲት ቦታ ብቻ ነው። እንደ እኔ ግምት ለዚህ አንዱ ተጠያቂ ባክቴሪያው ነው። ቲቢ እያልን በአንድ ስም እንጠራዋለን እንጂ የባክቴሪያው ነገድ ብዙ ነው። ከወልድያ አካባቢ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ውስጥ የተገኘውና በ2013 የተጻፈው ሰባተኛው ነገድ፣ ከኢትዮጵያና ከኢትዮጵያ ከወጡ ሰዎች በቀር የትም አይገኝም ማለት ይቻላል። የጋናው ሰው የሚታገለው ከዚህ ጋር አይደለም።

በእኛ አገር ሌላም እንግዳ ነገር አለ። ከሚመዘገበው ቲቢ ሢሶ ያህሉ ከሳንባ ውጭ ነው፤ በተለይ የአንገት ዕጢ ቲቢ። በየሳምንቱ አንገቱ ላይ ሻሽ የጠመጠመ ወጣት ይመጣል። ድሮ ጥርጣሬው ያልፈላ የላም ወተት ነበር። ናሙናው ሲመረመር ግን የከብቱ ባክቴሪያ ጥቂት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኛው ያው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ነው። ወተቱ በነጻ ከተለቀቀ፣ ዓይን ወደ ሰውየውና ወደ ባክቴሪያው ነገድ መዞሩ አይቀርም።

ስለ ሰውየው ስናነሣ የማይታመሙት ብቻ ሳይሆኑ ጭራሽ የማይያዙ የሚመስሉም አሉ። እኔ በምሠራበት ክፍል አክታው ስላይድ ላይ ተቀብቶ ይደርቃል፤ ቀዩ ካርቦል ፉክሲን ይፈስበታል፤ እንፋሎት እስኪያወጣ ከታች ይሞቃል፤ በአሲድ አልኮል ይታጠባል፤ ሜቲሊን ብሉ ይደረግበታል። ከዚያ ዘይት ጠብ አድርጌ ሳየው ሰማያዊ ሜዳ ላይ ቀያይ ቀጫጭን እንጨቶች ተበትነዋል። በአንድ እይታ ከአሥር በላይ ሲሆኑ ሦስት ፕላስ ብዬ እጽፋለሁ። ሦስት ፕላስ ያለው ሰው የሚስልበት ክፍል ውስጥ ወራት የኖረ ሰው፣ ባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ መግባቱን የሚያሳየው የቆዳ ምርመራው ነጌቲቭ ከሆነ ምን ይባላል? ካምፓላ ውስጥ እንዲህ ያሉ የቤተሰብ አባላትን ለዓመታት ተከታትለው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላም ያው ነጌቲቭ ሆነው አገኟቸው። በ2019 ደማቸው በጥልቀት ሲታይ ከባክቴሪያው ጋር መገናኘታቸውን የሚያሳዩ ፀረ እንግዳ አካላትና ቲ-ሴሎች ነበሯቸው፤ ቲ-ሴሎቹ ግን የሚመልሱት በተለመደው ኢንተርፌሮን ጋማ አልነበረም። ሌላ መንገድ አላቸው። የመስኮቱ እናት ከእነዚህ አንዷ ይሁኑ አይሁኑ በአንድ የአክታ ምርመራ አይነገርም፤ ጥያቄያቸው ግን በቁም ነገር የሚጠና ጥያቄ ነው።

«ዘር ካለበት ምን ማድረግ ይቻላል?» ብሎ እጁን ለሚያጣጥፍ ሰው የምሰጠው ምሳሌ ከወላይታ ነው። ያቺ የማልታ ልጆችን ዘረመል ያገኘችው ሜላኒ ኒውፖርት በኋላ ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር ሆና የሠራችው እዚያ ነው፤ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ በሚመጣው ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስ በሚሉት። አንድ ማሳ ላይ ከሚያርሱ ወንድማማቾች የአንዱ እግር ያብጣል፣ የሌላው አያብጥም። በ2012 በወጣው ጥናታቸው ልዩነቱ ያው ኤችኤልኤ ሰፈር ውስጥ ጎልቶ ታየ። ቀደም ብሎ በተደረገ ስሌት በሰው በሰው መካከል ካለው የመጋለጥ ልዩነት 63 በመቶው ከዘረመል እንደሚመጣ ተገምቷል፤ ለቲቢ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር አላየሁም። ታዲያ መከላከያው ምንድን ነው? ጫማ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን በሳሙና የታጠበ ልጅ፣ ዘረመሉ ምንም ይሁን ምን፣ አይታመምም። እዚያም እኮ በሽታው ያለበት ቤት ልጅ አይዳርለትም፣ ልጅ አይሰጠውም ነበር።

ዘርን ቶሎ የሚጠቅስ ሰው የካናዳን ታሪክ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። በ1880ዎቹ የምዕራብ ካናዳ ነባር ሕዝቦች ጎሾቻቸው አልቀው፣ ተርበው፣ በተከለለላቸው ጠባብ መሬት ሰፈሩ። በካፔል ሸለቆ በ1886 በቲቢ የሚሞተው ከ100,000 ሰው ወደ 9,000 ደርሶ ነበር። የዘመኑ ሐኪሞች «ዘራቸው ደካማ ነው» አሉ። ፒተር ብራይስ የተባለ የመንግሥቱ ሐኪም ግን በ1907 የነባር ሕዝቦች ልጆች የሚታጎሩባቸውን አዳሪ ትምህርት ቤቶች አየና አየር የማይገባባቸው፣ የታመመና ያልታመመ አብሮ የሚተኛባቸው መሆናቸውን ጻፈ። በመረጃው ውስጥ ካሉት ተማሪዎች ሩብ ያህሉ ሞተው ነበር። መንግሥቱ ግን ምክሩን አልሰማም። «ዘር ነው» የሚለው መልስ መስኮት ከመክፈት ይረክሳል። ዛሬም የኛ ሰው ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የደረት ኤክስሬይ ሲነሣ፣ ወይም እስራኤል ሲገባ ሲመረመር፣ የሚፈለገው ከኖረበት አየር ይዞት የመጣው ባክቴሪያ ነው።

ዘረመል የታካሚውን ነገ በእጅ የሚነካበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ ሐኪሞቹም ብዙ አያወሩለትም። አይሶኒያዚድ የቲቢ መድኃኒቶች አውራ ነው። ጉበት ውስጥ የሚያከሽፈው ናት2 የሚባል ዘረመል የሚያዘው ኢንዛይም ሲሆን፣ በአንዳንዱ ሰው ፈጣን፣ በአንዳንዱ ቀርፋፋ ነው። ይህ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ቀርፋፋው ሰው ደም ውስጥ መድኃኒቱ ይጠራቀማል፤ እግሩን መደንዘዝና መቆጥቆጥ ይጀምረዋል፣ ጉበቱም ሊቆጣ ይችላል፤ ቫይታሚን ቢ6 አብሮ የሚሰጠው ለነርቩ ነው። ፈጣኑ ደግሞ መድኃኒቱ ቶሎ ያልቅበታል። ቀርፋፋዎቹ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ብዙ ናቸው። እኛ ለሁሉም በኪሎው መጠን አንድ ዓይነት እንክብል እንሰጣለን። የምርምር ገንዘብ ካለ፣ «የትኛው ብሔረሰብ ለቲቢ ይጋለጣል» ከሚል ጥናት ይልቅ እዚህ ቢፈስ እመርጣለሁ።

በቅርብ ካነበብኳቸው ሁሉ የረጋልኝ ግን ከሕንድ፣ ከጃርካንድ ክፍለ ግዛት የመጣ ጥናት ነው፤ በ2023 ነው የወጣው። የቲቢ ታማሚ ባለባቸው ቤቶች ለታማሚው ሁሉ ምግብ ተሰጠ። ከዚያ ቤቶቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። በአንደኛው ወገን ቤተሰቡም በየወሩ ለእያንዳንዱ አዋቂ 5 ኪሎ ሩዝና 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ ተሰፈረለት። ከ10,000 በላይ የቤተሰብ አባላት ነበሩ። እህሉ የገባባቸው ቤቶች ውስጥ አዲስ የሚታመመው ሰው በ39 በመቶ፣ በላብራቶሪ የተረጋገጠው የሳንባ ቲቢ ብቻ ሲቆጠር ደግሞ በ48 በመቶ ቀነሰ። የማንም ዘረመል አልተነካም። ይህን ያህል የሚከላከል ዘረመል ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሳምንት ሙሉ አይበርድም ነበር፤ ስለ ሩዝና ስለ ጥራጥሬ ግን ማን ያወራል?

ሩዙ በደረሰባቸው ቤቶች ውስጥም የታመመ ሰው አልጠፋም። ጠግቦ እየበላ፣ ከወንድሙ ጋር አንድ ክፍል እየተኛ፣ እሱ ብቻ የታመመ ሰው አለ። ረሃቡም ጭሱም ሌላውም ሁሉ ከተጣራ በኋላ ዘረመል መፈለግ ያለበት እንዲህ ባለ ሰው ላይ ነው ብዬ አስባለሁ። ደም ለመቅዳት ቢፈቀድልኝ የመጀመሪያዋን የደም ቱቦ የምወስደው ከእሱ፣ ሁለተኛዋን ከወንድሙ ነው።